የመጀመሪያው አፎት
(ለእጅ ሙያ ጀማሪ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

 



እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ እጅ ሙያ ጥቅም ነበር። ስለ ሙያ ጥቅም በጥቅሉ መናገር ቀላል ነው፤ ሰሚውም በጥቅሉ ሰምቶ በጥቅሉ ይረሳዋል። ስለዚህ አዘጋጆቹን አስፈቅደን ስለ አንድ ነገር ብቻ ልንነግራችሁ መረጥን። እርሱም ቢላዋ የሚከተትበት የቆዳ አፎት ነው። እኛ የእጅ ባለሙያ አይደለንም፤ ዕድሜያችንን ያሳለፍነው በኪታብና በጠመኔ ነው። ሃምሳን ከተሻገርን በኋላ የመጀመሪያውን አፎት በገዛ እጃችን ሠራን፤ አበላሸነው፤ ደግመንም ሠራነው። ለእናንተ የያዝነው ትምህርት ከዚያ የተገኘ ነው።

ነገሩ የተጀመረበት ምክንያት

በቤታችን ለዒድ አል-አድሓ እርድ የምንጠቀምበት አንድ ቢላዋ አለ። ስለቱ 15 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የሚታረደው እንስሳ እንዳይሠቃይ ቢላዋ በሚገባ መሳል እንዳለበት በመድረሳ ተምረናል፤ ይህንንም ስንፈጽም ኖረናል። የተሳለው ቢላዋ ከእርዱ በኋላ የት እንደሚኖር ግን ብዙም አላሰብንበትም። በጨርቅ ጠቅልለን፣ በሲባጎ አስረን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ እናስቀምጠው ነበር።

አንድ ዓመት ዒድ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የልጅ ልጃችን ጥቅሉን ተራ ጨርቅ መስሏት ከወንበር ላይ ቆማ ስባ አወረደችው። እንዳይወድቅባትም በመዳፏ ጨበጠችው። ስለቱ ጨርቁን አልፎ መዳፏን ቆረጠ። ቁስሉ በስድስት ስፌት ተዘጋ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ጣቶቿ እንደ ልባቸው ይታጠፋሉ፤ ይዘረጋሉ። ያን ዕለት ግን በሐኪም ቤቱ ኮሪደር ተቀምጠን የወቀስነው ራሳችንን ብቻ ነበር።

እዚያ ተቀምጠን ሳለ በልጅነታችን የተማርናቸውና ለብዙ ዓመታት ያስተማርናቸው ሁለት ሐዲሦች ትዝ አሉን። በአንደኛው፣ ቀስት ይዞ በመስጊድ ያለፈን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቀስቶቹን ጫፎች በእጁ እንዲይዝ አዝዘውታል፤ ማንንም እንዳይወጋ። በሁለተኛው ደግሞ ከአፎቱ የተመዘዘ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይቀባበል ከልክለዋል። እኛ እነዚህን ስናስተምር ነገሩ ሁሉ ስለ ቀድሞ ዘመን ሰይፍና ቀስት ይመስለን ነበር። ከገዛ ቁም ሳጥናችን ላይ ያለውን ስለት አላየንባቸውም። አፎት ማለት በስለት አጠገብ የሚያልፍ፣ ስለት መኖሩንም የማያውቅ ሰው ሐቅ እንደሆነ የገባን ልጅቱ ከቆሰለች በኋላ ነው።

ብቻችንን የሠራነው

ታዲያ ወዲያው ወደ ቆዳ ሰፊ አልሄድንም። ለምን እንዳልሄድን ወደ ኋላ እንነግራችኋለን። በቤት ውስጥ አሮጌ የመጻሕፍት ቦርሳ ነበረን። ከጎኑ ቆርጠን አጠፍነው፤ ቢላዋውን አስገብተን ለካነው፤ ጠርዙንም በልብስ መርፌና በተራ ክር ሰፋነው። በአንድ ምሽት ተጠናቀቀ። ሲታይ ያምር ነበር፤ እኛም በጣም ተደሰትን። ለቤተሰቡ ሁሉ አሳየነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢላዋውን ልናወጣ ስንስብ የአፎቱ ጎን እስከ ግማሽ ድረስ በእጃችን ላይ ተከፈተ። የስለቱ ጫፍም ከአውራ ጣታችን አጠገብ ብቅ አለ። ክሩን ስንመለከተው የተበጠሰ ሳይሆን የተቆረጠ ነበር፤ ጫፎቹ በምላጭ የተመቱ ይመስላሉ። ቢላዋው በገባና በወጣ ቁጥር ክሩን ከውስጥ ሲቆርጠው ኖሯል። ከውጭ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ምንም አይታይም ነበር። የልጅቱን መዳፍ ከቆረጠው ጨርቅ ይልቅ ይህ አፎት የከፋ ነበር ማለት እንችላለን፤ ጨርቁን ማንም አያምነውም፤ አፎቱን ግን ሁላችንም አምነነው ነበር።

ቆዳ ሰፊው ዘንድ

በገበያው ጥግ ኮርቻ፣ ቀበቶና ጫማ የሚሰፉ አንድ አረጋዊ ነበሩ። ጫማችንን ለብዙ ዓመታት ሰፍተውልናል፤ እኛ ግን ስማቸውን ጠይቀን አናውቅም። የተበላሸውን አፎት በወረቀት ጠቅልለን ወሰድንላቸው። ተቀብለው ውጩን አላዩትም። ጣታቸውን አስገብተው የውስጡን ስፌት ዳሰሱና እንዲህ አሉን፦

«ኡስታዝ፣ አንቱ የሰፉት ለዓይን ነው፤ ስለት ግን የሚሠራው ከውስጥ ነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ምን ይሻላል?» አልናቸው።

«ይቀመጡ። ልሥራልዎት ብል ይዘውት ይሄዳሉ። ቢሠሩት ግን ያውቁታል።»

ከጎናቸው ያለውን ዝቅተኛ በርጩማ አሳዩን። እዚህ ላይ መጀመሪያውኑ ለምን እንዳልሄድን እንናዘዝ። በዚያ በርጩማ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየን፣ ተማሪዎቻችን በሚያልፉበት መንገድ ዳር መቀመጥ አፍረን ነበር። በአገራችን ቆዳ የሚያለፋና የሚሰፋ ሰው «ፋቂ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋም ከዚህ ንቀት አላመለጡም። የእጃቸውን ሥራ እንፈልጋለን፤ እነርሱን ግን እንሸሻለን። ቁርኣኑን በቆዳ አስጠርዘን እየሳምን፣ ያንን ቆዳ ያዘጋጀውን ሰው ከማዕዳችን ስናርቅ የኖርን ሰዎች አለን።

ይህ ንቀት በዲን መሠረት የለውም፤ በታሪክም አያዛልቅም። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) የነቢዩ ባለቤት ሆነው ሳሉ በገዛ እጃቸው ቆዳ ያለፉ፣ ይሰፉም ነበር፤ ያገኙትንም ለድሆች ይሰጡ ነበር። በ20ኛው ዓመተ ሒጅራ እስከ ሞቱ ድረስ የሚታወቁት በዚህ ለጋስነታቸው ነው። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረርን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለ ከተማይቱ ብዙ ክፉ ነገር ቢጽፍም የሐረር መጻሕፍት የቆዳ ጥራዝን ጥንካሬና ውበት ሳያደንቅ አላለፈም። እንግዲህ እኛ ከማን በልጠን ነው በርጩማው ያሳፈረን? ተቀመጥን።

የቆዳው ምርጫ

መጀመሪያ የተማርነው ቆዳ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ነው። የቦርሳችን ቆዳ ስስና ልፍስፍስ ነበር፤ ለቦርሳ ጥሩ ነው፤ ለአፎት አይሆንም። የባቲ ፍየል ቆዳ በዓለም ገበያ የታወቀ ቢሆንም ለአፎት ስስ ነው። ለአፎት የሚሻለው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ፣ ያውም ከጀርባው ወይም ከትከሻው የተቆረጠ ነው። የሆድ ቆዳ ይለጠጣል፤ ዛሬ የጨበጠውን ነገር ነገ ይለቀዋል።

ከውፍረቱ በላይ የሚያስፈልገው ቆዳው በምን እንደ ለፋ ማወቅ ነው። ዛሬ በፋብሪካ ከሚለፋው ቆዳ አብዛኛው የሚለፋው በክሮም ጨው ነው። ይህ ዘዴ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋ ሲሆን ፈጣን ነው፤ ቆዳውንም ለስላሳ ያደርገዋል። ነገር ግን በክሮም የለፋ ቆዳ በውሃ ቢነከርም የተሰጠውን ቅርጽ አይዝም፤ በውስጡ የሚቀረው ጨውም ብረትን ሊያዝግ ይችላል። በዛፍ ቅርፊትና ፍሬ የለፋ ቆዳ ግን ሲረጥብ ይታዘዛል፤ ሲደርቅም የያዘውን ቅርጽ ሳይለቅ ይጸናል። ሁለቱን የምትለዩት በቀላሉ ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ ተመልከቱ፤ መሐሉ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ በክሮም የለፋ ነው፤ እስከ መሐሉ ቡናማ ከሆነ በተክል የለፋ ሊሆን ይችላል። በላዩ ላይ የውሃ ጠብታ አኑሩ፤ በተክል የለፋው ወዲያው ይጠጣውና ይጠቁራል።

ይህን ስንሰማ የመድረሳ ትምህርታችን ከፊታችን ቆመ። በሻፊዒያ ፊቅህ፣ በጠሃራ ምዕራፍ፣ የሞተ እንስሳ ቆዳ በመልፋት እንደሚጠራ እንማራለን። ልፋቱም እንደ ቀረዝና እንደ ሮማን ልጣጭ ባሉ ኮምጣጣ ነገሮች መሆን አለበት፤ በፀሐይና በአፈር ማድረቅ ብቻ አይበቃም። «ቀረዝ» የሚለውን ቃል በአሥር ዓመታችን በቃላችን አጥንተነዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅንም። ለካ የግራር ዓይነት ፍሬ ኖሯል! ሱዳኖች እስከ ዛሬ ቆዳ የሚያለፉበት ፍሬ ነው። ፀሐይ ለምን እንደማይበቃም አረጋዊው ደረቅ ጥሬ ቆዳ ውሃ ውስጥ ነክረው አሳዩን። በፀሐይ የደረቀ ቆዳ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ጥሬ ይሆናል፤ ይሸታል፤ ይበሰብሳል። የለፋው ግን ቢረጥብም ጥሬ ሆኖ አይመለስም። ከአርባ ዓመት በፊት በቃል የያዝነውን ትምህርት የተረዳነው በዚያ በርጩማ ላይ ነው።

ልክ ማውጣትና ጣልቃ ቆዳ

ጀማሪ ቆዳ ከመቁረጡ በፊት ካርቶን ይቁረጥ። ካርቶን ቢበላሽ ይጣላል፤ ቆዳ ቢበላሽ ግን እንስሳውም ገንዘቡም አይመለስም። ካርቶኑን ለሁለት አጥፈን የቢላዋውን ጀርባ በእጥፋቱ ላይ አስተኛን፤ በስለቱ በኩል ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርን። ከእጀታውም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እንዲገባ አደረግን፤ አፎት ቢላዋን አጥብቆ የሚይዘው በስለቱ ሳይሆን በእጀታው አንገት ነውና። ከእርሳሱ መስመር ውጭ በስለቱ በኩል 12 ሚሊ ሜትር ጨመርን። ይህ ጭማሪ ባይኖር የቆዳው ውፍረት ራሱ ቦታውን ስለሚበላው ቢላዋው አይገባም።

ቀጥሎ የመጣው የሥራው ሁሉ ልብ ነው። አረጋዊው ከዚያው ቆዳ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ የስለቱን ጥምዝ የሚከተል አንድ ቀጭን ቁራጭ አስቆረጡን። ይህ ቁራጭ በሁለቱ ገጾች መካከል፣ በስፌቱ ጠርዝ በኩል ይገባል። ጣልቃ ቆዳ ብንለው ያስኬዳል። ስፌቱ የሚያልፈው በዚህ ቁራጭ ላይ፣ ከውጭው ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ነው። ስለዚህ በክሩና በስለቱ መካከል ሌላ 5 ሚሊ ሜትር ቆዳ ይቀራል። ስለቱ ወደ ጠርዙ ቢጋደል የሚነካው ይህንን ቆዳ ነው፤ ክሩ ዘንድ አይደርስም። የመጀመሪያው አፎታችን የጎደለው ይህ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ጣት የማይሞላ ቁራጭ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ለማንም የማይታይ።

ሦስቱን ድርብ ለማጣበቅ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ይበቃል። የጣልቃውን ቆዳ ለስላሳ ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፤ ማስቲሹን በሁለቱም ወገን በስሱ ቀቡ፤ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ታገሡ፤ ከዚያ ግጠሙ። አንዴ ከገጠመ ማንቀሳቀስ አይቻልም። እኛ ሳንታገሥ በእርጥቡ ገጥመን ተንሸራቶብናል፤ ፈትተን እንደገና ለመጀመር ተገድደናል።

ስፌቱ

ለስፌቱ የመማሪያ ክፍል ዕቃችን ጠቀመን። ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር እኩል ርቀት የምትሄድ መስመር ለማስመር ከኮምፓስ የሚሻል የለም፤ አንዱ እግሩ ጠርዙን ይከተላል፤ ሌላው ቆዳውን ይጭራል። የቀዳዳዎቹን ርቀት እኩል ለማድረግ ደግሞ የገበታ ሹካ በመስመሩ ላይ መጫን ይበቃል። የእኛው ሹካ ጥርሶች በ4 ሚሊ ሜትር ይራራቁ ነበር። ለ20 ሴንቲ ሜትር ስፌት 50 ያህል ቀዳዳ ማለት ነው። ወስፌው ቀጥ ብሎ መግባት አለበት፤ ካጋደለ ከፊት የተስተካከለው መስመር ከኋላ ይጣመማል። የእኛን ጀርባ ብታዩት የሰከረ ሰው የሄደበት መንገድ ይመስላል።

ክሩ በሰም የታሸ ወፍራም ክር ሲሆን በሁለቱም ጫፎቹ መርፌ ይሰካበታል። አንዱ መርፌ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ ይተላለፋሉ፤ ከዚያም ሁለቱ ጫፎች እኩል ይጠበቃሉ። ጥቅሙ ይህ ነው፦ በስፌት መኪና የተሰፋ ነገር አንዱ ክር ቢቆረጥ ተከታትሎ ሊተረተር ይችላል። በሁለት መርፌ የተሰፋ ግን በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ክር ስላለ አንዱ ቢቆረጥ ሁለተኛው ይይዛል። ስፌቱ ሲያልቅ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሶ መስፋት ክሩን ይቆልፈዋል። የአፎቱ አፍ ከሁሉም ቦታ ይበልጥ ስለሚሳብ እዚያ በድርብ ይሰፋል።

አንድ ሒሳብ እንጨምርላችሁ። የክሩ ርዝመት የስፌቱ አራት እጥፍ ይሁን የሚል ልማድ ሰምተን ነበርና 80 ሴንቲ ሜትር ቆርጠን ጀመርን። ከግማሽ በላይ ጥቂት እንደ ሄድን ክሩ አለቀ። ምክንያቱን ቆይተን በደብተር ላይ አሰላነው። ሦስት ድርብ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቆዳ 9 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። እያንዳንዱ የክር ጫፍ ለአንድ ስፌት 4 ሚሊ ሜትር በላይ ሄዶ 9 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይሻገራል፤ 13 ይሆናል። ሁለቱ ጫፎች 26 ሚሊ ሜትር ይወስዳሉ ማለት ነው። ይህ ለ4 ሚሊ ሜትር ስፌት ስድስት እጥፍ ተኩል ነው። ለመርፌው መያዣና ለመቆለፊያው ሲታሰብለት ስምንት እጥፍ መቁረጥ ይገባል። የአራት እጥፉ ልማድ የሚሠራው ለስስ ቆዳ ነው። «ሒሳብ የት ይጠቅመናል?» ብላችሁ የምትጠይቁ ተማሪዎች ይህን ያዙ።

በውሃ መቅረጽ

የተሰፋው አፎት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የአየር አረፋው እስኪያቆም ይነከራል። ከዚያ ቢላዋው ይገባበትና ቆዳው በጣት እየተጫነ በላዩ ላይ እንዲቀረጽ ይደረጋል። አረጋዊው እውነተኛውን ስለት እርጥብ ቆዳ ውስጥ እንድናስገባ አልፈቀዱልንም፤ እርጥብ ቆዳ በቀላሉ ይቆረጣል፤ ብረቱም ይዝጋል። በቢላዋው ልክ ከእንጨት ቀርጸን፣ በፌስታል ጠቅልለን አስገባን። በጥላ ሥር አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ቆየ።

እኛ ቸኩለን «ከከሰሉ አጠገብ ብናኖረውስ?» አልን። አረጋዊው አልመለሱልንም። አንድ እርጥብ የቆዳ ቁራጭ አንሥተው በምድጃው ጠርዝ ላይ አኖሩት። ወዲያው ተኮማተረ፤ ሲቀዘቅዝ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ስናጥፈውም ተሰነጠቀ። እርጥብ ቆዳ ደረቁ በሚችለው ሙቀት እንኳ ይበስላል። ከዚያ በኋላ ስለ ከሰል አላነሣንም።

በማግስቱ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልን፤ በጥቂቱ አርጥበን እስኪያብረቀርቅ በጨርቅ አሸነው፤ ሰም ቀባነው፤ የቀበቶ ማስገቢያውንም ሰፋንበት።

ፈተናው

አፎት የሚፈተነው በዓይን አይደለም። ቢላዋውን ከተን ለስላሳ አፈር ላይ ዘቅዝቀን ነቀነቅነው፤ አልወደቀም። ከዚያ አረጋዊው ሃምሳ ጊዜ እንድናስገባና እንድናወጣ አዘዙን። አስገባን፤ አወጣን። በባትሪ ብርሃን ውስጡን ስናይ በጣልቃው ቆዳ ላይ ብዙ ቀጫጭን ጭረቶች ነበሩ። ስለቱ ሃምሳ ጊዜ ክሩን ፈልጎ ሃምሳ ጊዜ ቆዳ አግኝቷል። ከክሩ አንዲት ጭራ እንኳ አልተነካችም።

አንዳንዶቻችሁ ስለ ሽጉጥ ማኅደር እንደምትጠይቁ እናውቃለን፤ ከገጠር የመጣችሁ በቀበቶ ላይ ሲታጠቅ አይታችኋል። ሥራው ከአፎት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ያው ወፍራም በተክል የለፋ ቆዳ፣ ያው በሁለት መርፌ መስፋት፣ ያው በውሃ መቅረጽ። ነገር ግን ስሕተቱ የከፋ ነው። ማኅደሩ የምላጩን መከለያ ፈጽሞ መሸፈን አለበት፤ ጣትም ሆነ ልብስ ሊገባበት አይገባም። አፉ ሽጉጡ ከወጣ በኋላ ክፍት ሆኖ መቆም አለበት፤ አርጅቶ የላላ ማኅደር ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽጉጡ ሲመለስ ምላጩን ይጫንና ያለ ሐሳብ ሊያስተኩስ ይችላል። ለቅርጹም ጥይት ያለበት መሣሪያ በጭራሽ አይነካም፤ የእንጨት ምስሉ ይበቃል። ጀማሪ በዚህ አይጀምር። መሣሪያውንም መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

ስለ አያያዙ ሁለት ነገር ብቻ። ቢላዋ ከእርድ በኋላ ታጥቦ፣ ደርቆ ካልሆነ ወደ አፎቱ አይመለስ፤ ደም ነጃሳ ነው፤ ቆዳው ከጠጣው ማጥራቱ ያስቸግራል። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነም ስለቱን ዘይት ቀብታችሁ ከአፎቱ ውጭ በተቆለፈ ቦታ አኑሩት፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን ያዝገዋል።

በመጨረሻ

ውድ ተማሪዎቻችን፣ የተበላሸውን የመጀመሪያ አፎት አልጣልነውም። ዛሬ ይዘነው መጥተናል፤ ከንግግሩ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት። ውጩን አትዩ። እንደ አረጋዊው ጣታችሁን አስገብታችሁ ውስጡን ዳስሱ። ነገ ወንበርም ሠራችሁ፣ ልብስም ሰፋችሁ፣ ግድግዳም ገነባችሁ፣ ሥራችሁን የሚጠቀምበት ሰው ውስጡን አያይም፤ እናንተን አምኖ ይቀመጥበታል፤ ይለብሰዋል፤ ይተኛበታል። የእርሱ ሐቅ ያለው በዚያ በማያየው ቦታ ነው።

አረጋዊው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። ስማቸውን በዚያ በርጩማ ላይ በተቀመጥን በመጀመሪያው ቀን ጠየቅናቸው። ከዓመታት በፊት ልንጠይቃቸው ይገባን ነበር።

ያለፈው ዒድ ጧት ቢላዋውን ከተቆለፈበት ስናወጣ የልጅ ልጃችን አጠገባችን ነበረች። አሁን አድጋለች። በአፎቱ እንዳለ ተቀበለችን፤ ስናርድ እስክንጠራት ድረስ ያዘችው። ስንጠራትም እጀታውን ወደ እኛ አድርጋ አቀበለችን። በመዳፏ ላይ የቀረው መስመር በቆዳው ላይ አርፎ ነበር።

አላህ የምትማሩትን ጠቃሚ፣ እጃችሁን ታማኝ ያድርገው። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።